«ተወው» ስንት ያወጣል?

ሥራ በለቀቅኩ በ41ኛው ቀን የቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ሂሳብ ክፍል ሄጄ ነበር። ሂሳብ ሠራተኛዋ ደግ ሴት ናት። ወንበር ሰጠችኝ፣ ቡና ትጠጣለህ ወይ አለችኝ፣ ከዚያ ኮምፒውተሯን ወደ እኔ አዙራ «እየው ወንድሜ፣ እኔ ምን ላድርግ? ሲስተሙ አይፈቅድልኝም» አለችኝ። ስክሪኑ ላይ ስሜ አለ። ከስሜ ጎን በቢጫ «ክሊራንስ በሂደት ላይ» ይላል። ከአምስት ፊርማ ሦስቱ ገብተዋል። ከቀሩት ሁለት ፈራሚዎች አንዱ ፊልድ ወጥቷል፤ ሌላው «እስኪ እናየዋለን» ብሏል።

ያንን ገጽ የሠራሁት እኔ ነኝ። ቢጫውን የመረጥኩትም እኔ ነኝ።

ድርጅቱ ከሰላሳ የማይበልጥ ሰው ያለው የአዲስ አበባ ሶፍትዌር ቤት ነው። ለደንበኞች የምንሸጠውን የሰው ኃይልና የፔይሮል ሲስተም መጀመሪያ የምንሞክረው በራሳችን ላይ ነበር። አንድ ቀን «ሠራተኛ ሲለቅ አምስቱም ክፍል ካልፈረመ የመጨረሻ ክፍያው እንዳይወጣ አድርግ» ተባልኩ። በሁለት ቀን ጨረስኩት። ፈራሚው ባይፈርምስ? ስንት ቀን ይጠበቃል? ብዬ አልጠየቅኩም። በዚያው ወር እዚያው ሲስተም ላይ ሌላም ነገር ሠርቻለሁ፦ ከደመወዝ የተቆረጠው ግብር ገቢ የሚደረግበት ቀን ሲቃረብ ሂሳብ ክፍሉን በቀይ የሚያስጨንቅ ማስጠንቀቂያ። ለገቢዎች ቀይ፣ ለሠራተኛ ቢጫ። ቀዩ ቀነ ገደብ አለው፣ ቢጫው የለውም። ያኔ ልዩነቱ ጭራሽ አልታየኝም።

አሁን ግን ስለዚህ ልዩነት መጮህ እፈልጋለሁ። የመጨረሻ ክፍያችን የሚዘገየው ፈራሚ ፊልድ ስለወጣ አይደለም። አሠሪዎች ግብርን በቀኑ የሚከፍሉት ባይከፍሉ ቅጣት እንዳለ ስለሚያውቁ ነው። የእኛን የማይከፍሉት ደግሞ ባይከፍሉ ምንም እንደማይመጣ ስለሚያውቁ ነው። ምንም እንዳይመጣ የምናደርገው እኛው ነን፤ «ተወው፣ ይቅርብህ» እየተባባልን። ዲግሪ ያለን፣ ኮድ የምንጽፍ፣ ኮንትራት ማንበብ የምንችል ሰዎች።

ሰባት ቀን

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ን ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት በ42ኛው ቀን ማታ፣ ስልኬ ላይ ነው። አፍራለሁ። አምስት ዓመት ምህንድስና ተምሬ፣ ለሌላ ሰው ደመወዝ የሚያሰላ ሶፍትዌር ጽፌ፣ ስለ ደመወዝ የሚያወራውን ሕግ አንድም ቀን ከፍቼው አላውቅም ነበር። በእኔ ቤት የአሠሪና ሠራተኛ ሕግ የፋብሪካ ሠራተኛ ነገር ነው። እኔ «ፕሮፌሽናል» ነኝ እኮ።

አንቀጽ 36 አጭር ነው። የሥራ ውል ሲቋረጥ ለሠራተኛው የሚገባው ደመወዝና ከደመወዝ ጋር የተያያዘ ክፍያ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላል። «ሠራተኛው ከተባረረ» አይልም፤ ውሉ ከተቋረጠ ነው የሚለው። በገዛ ፈቃድህ ብትለቅም፣ በሰላም ብትለያዩም ባትለያዩም፣ ያው ሰባት ቀን ነው። ቀኑ የሚራዘምበት አንድ ምክንያት አለ፦ ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የድርጅቱን ንብረት ወይም ገንዘብ ሳይመልስ ከዘገየ።

አንቀጽ 37 ደግሞ መጠኑ ላይ ባትስማሙስ ለሚለው መልስ ይሰጣል። አሠሪው ያመነውን ያህል በዚያው በሰባቱ ቀን ይከፍላል፤ ክርክሩ በቀረው ላይ ይቀጥላል። «ፈቃድህ ስንት ቀን እንደሆነ እስክናጣራ» ተብሎ ደመወዝ አይታገትም ማለት ነው። አንቀጽ 38 ላይ ስደርስ ከአልጋዬ ተነሳሁ። ክፍያው ከአሠሪው አቅም በላይ ባልሆነ ምክንያት ከዘገየ፣ ክርክሩን የሚያየው አካል እስከ 3 ወር የሚደርስ ደመወዝ ተጨምሮ እንዲከፈል ሊወስን ይችላል።

ለካ ቀይ ማስጠንቀቂያ ነበረን! ከእኔ በስተቀር ማንም አልደበቀውም። እንዲያውም እኔ ራሴ በቢጫ ቀለም ሸፍኜዋለሁ።

የኔ ሒሳብ ይኼ ነበር፦ የ22 ቀን ደመወዝና የ13 ቀን ያልወሰድኩት የዓመት ፈቃድ። ሥራ ስትለቅ ያልተጠቀምክበት ፈቃድ ወደ ገንዘብ ይቀየራል፤ ይኼም እዚያው አዋጅ ውስጥ አለ። የሠራሁትን ሥራ፣ የቆየሁበትን ጊዜና ደመወዜን የሚገልጽ የምስክር ወረቀትም በነጻ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው። እኛ ግን «የሥራ ልምድ ስጡኝ» ስንል አንገታችንን ሰብረን ነው፤ ሠርግ የምንጠራ ይመስል ሰው እያስለመንን።

ምክንያቶቹ

ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ «አንተስ፣ አንቺስ፣ ስትለቁ ከፈሏችሁ?» እያልኩ ስጠይቅ ነው የከረምኩት። መሥሪያ ቤቱ ይለያያል፣ የሚሰጠው ምክንያት ግን ከአንድ ሰው አፍ የወጣ ነው የሚመስለው። ስለዚህ አንድ በአንድ እንያቸው።

«ክሊራንስ አልጨረስክም።» ክሊራንስ የተፈጠረው ላፕቶፕ፣ መታወቂያ፣ የቢሮ ቁልፍ መመለሱን ለማረጋገጥ ነው። ይኼ ተገቢ ነው፣ ሕጉም ይቀበለዋል። ግን ቃሉን እዩት፦ በሠራተኛው ጥፋት ሲዘገይ። እኔ ላፕቶፑን፣ ፓስዎርዱን፣ ሰነዱን ሁሉ በመጨረሻው ቀን በርክክብ ፎርም አስረክቤ ፈርሜያለሁ፤ ኮፒው እጄ ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ፈራሚ ፍለጋ ከፎቅ ፎቅ መሮጥ የኔ ሥራ አይደለም። የመሥሪያ ቤቱ የውስጥ ጉዳይ ነው።

«ኖቲስ አልሰጠህም።» ልክ ነው፣ የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ሲለቅ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መስጠት አለበት። ስጡ። በጽሑፍ ስጡ፣ ቀን ያለበት ይሁን። ግን ሳይሰጥ የወጣ ሰውም ቢሆን ሕጉ የሚጠይቀው ካሳ ከ30 ቀን ደመወዙ አይበልጥም። ዕዳው ወሰን አለው። «ጥለኸን ስለሄድክ ምንም የለህም» የሚባል አንቀጽ የለም።

«አሠልጥነንሃል።» የኦንላይን ኮርስ ገዝተው ስላስተማሩ የመጨረሻ ደመወዝ የቀሩ ሦስት ልጆች አውቃለሁ። ከደመወዝ ላይ መቁረጥ የሚቻለው በሕግ፣ በኅብረት ስምምነት፣ በሥራ ደንብ፣ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ወይም ሠራተኛው በጽሑፍ ሲስማማ ነው። ያም ሆኖ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ከወር ደመወዝ ሲሶ መብለጥ የለበትም። ውል አለኝ የሚል አሠሪ ውሉን ይዞ ይክሰስ። ከሳሽም ዳኛም ገንዘብ ያዥም ራሱ ሊሆን አይችልም።

«አንተ እኮ ማኔጅመንት ነህ።» ይኼኛው የእኛ ሙያ ልዩ በሽታ ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን አይሸፍንም። እኛ ደግሞ ደመወዝ ጨምሩልን ስንል ማዕረግ ተጨምሮልን የምንመለስ ሰዎች ነን። ሁለት ሰው ባለበት ክፍል «ሄድ ኦፍ ኢንጂነሪንግ» የተባለ ጓደኛ አለኝ፤ ሁለተኛው ሰው ኢንተርን ነው። ሕጉ የሥራ መሪ የሚለው የድርጅቱን ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም፣ ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማሰናበት ሥልጣን ያለውን ነው። የሚታየው በእጅህ ያለው ሥልጣን ነው፤ የቢዝነስ ካርድ ማንም ያሳትማል።

«ካሽ የለም።» ይኼኛው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም አንዳንዴ እውነት ነው። ትንሽ ድርጅት ማስተዳደር በዚህ አገር ቀልድ አይደለም። ደንበኛ ሥራ ተረክቦ ስድስት ወር አይከፍልም፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት በጀት ዘጋሁ ይላል፤ የሰርቨር ኪራይ በዶላር ነው። አለቃዬ ሌሊት እንደማይተኛ አውቃለሁ። አብሬው አምሽቻለሁ። ግን እኔ በለቀቅኩበት ወር በሥራ ላይ ያሉት ሁሉ ደመወዛቸውን በ30ኛው ቀን አገኙ። ግብሩ ተከፈለ፣ የቢሮ ኪራይ ተከፈለ። ስለዚህ ካሽ ነበር። ወረፋ ነበር እንጂ። ወረፋው የተሰለፈው ደግሞ ማን ሊጎዳን ይችላል በሚለው ነው። ሥራ ላይ ያለ ነገ ሊያኮርፍ ይችላል፣ ገቢዎች ሊቀጣ ይችላል፣ አከራይ በር ሊዘጋ ይችላል። የለቀቀ ሰው ምን ያደርጋል? ይተወዋል።

ቤተሰብ

የለቀቀ ሰው ለምን ይተወዋል? ሁላችንም መልሱን እናውቀዋለን። ይሉኝታ።

እኛ ቤት «እኛ ቤተሰብ ነን» ነበር የሚባለው። ዓርብ ዓርብ ቡና ይፈላል፣ ልደት ይከበራል፣ እናቴ ስትታመም አለቃዬ ሆስፒታል ድረስ መጥቶ ጠይቋል። ይኼን አልክድም፣ አልረሳውምም። ነገር ግን ቤተሰብነቱ የሚነሳው መቼ እንደሆነ ልብ በሉ። ቅዳሜ ግባ ሲባል ቤተሰብ ነን። ጭማሪ ይቆይ ሲባል ቤተሰብ ነን። ገንዘቤን ስል ግን «ፕሮሲጀር» አለ። ቤተሰብ ከሆንን ፕሮሲጀሩ ይቅር፤ ፕሮሲጀር ካለ ደግሞ እኔም ፕሮሲጀሬን ላምጣ፤ ቁጥሩ 1156 ነው።

በ50ኛው ቀን አካባቢ የሰው ምክር በሁለት ተከፍሎ ነበር። አንደኛው ወገን፣ አባቴን ጨምሮ፣ «ልጄ፣ ተወው፤ አንተ አዲስ ሥራ ይዘሃል፣ ፈጣሪ ይክስሃል» አለኝ። የአባቴ ትውልድ ፍርድ ቤት መቆምን ከመታመም ለይቶ አያየውም። እኩዮቼ ደግሞ «ከተማው ጠባብ ነው፣ ከሳሽ የሚል ስም ይወጣብሃል» አሉኝ። ጠባብነቱ እውነት ነው። ግን ከተማው ለምን ለከሳሽ ብቻ ይጠባል? ገንዘብ ያስቀረ ድርጅት ስም ለምን አይወጣበትም?

ሁለተኛው ወገን የሙያ አጋሮቼ ናቸው። «ሰርቨሩ ላይ መግቢያ አለህ አይደል? አውርድላቸው፣ በአንድ ሰዓት ይከፍሉሃል።» ይኼን ያለኝ አንድ ሰው አይደለም፣ አራት ነው። ደግሞም አልዋሽም፣ ፈትኖኛል። አንድ ማታ የድሮው መግቢያዬ ይሠራ እንደሆነ ልሞክር ጣቴን ኪቦርድ ላይ አሳርፌያለሁ። ተውኩት። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ሌላ ሰው ሲስተም ውስጥ ያለፈቃድ መግባትንም፣ ሥራውን ማስተጓጎልንም በወንጀል ይቀጣል። ንብረት ይዞ የቆየ ሠራተኛ ደግሞ፣ ከላይ እንዳልኩት፣ ለአሠሪው የሚያዘገይበትን ሕጋዊ ምክንያት በገዛ እጁ ይሰጠዋል። ትክክለኛ ባለገንዘብ የነበረው ሰው በአንድ ሌሊት ተከሳሽ ይሆናል። ይኼን የምትመክሩ ጓደኞች፣ እባካችሁ አቁሙ። ጀግንነት ይመስላል እንጂ ለአሠሪው የሚሰጥ ስጦታ ነው።

አስገራሚው ነገር፣ ከሁለቱም ወገን አንድ ሰው «ደብዳቤ ጽፈሃል?» ብሎ የጠየቀኝ የለም። ወይ ዝም በል ወይ ቤቱን አቃጥል። በሁለቱ መካከል ያለውን መንገድ አናውቀውም። በልጅነታችን «በሕግ አምላክ!» ተብሎ ጠብ ሲቆም የሰማን ሰዎች፣ ዛሬ ቃሉን የምናነሳው ለቀልድ ነው።

የሄድኩበት መንገድ

ስለዚህ ደብዳቤ ጻፍኩ። አንድ ገጽ። የለቀቅኩበት ቀን፣ ያስረከብኩት ንብረት፣ የሚገባኝ ገንዘብ፣ አንቀጽ 36፣ አንቀጽ 38። ሁለት ኮፒ ይዤ ሄድኩ፤ ጸሐፊዋ አንዱን «ገቢ» ብላ ማኅተም እንድትመታልኝ ጠየቅኳት፤ «አልታዘዝኩም» አለች። አልተጨቃጨቅኩም፤ እሷ ምን ታድርግ። ፖስታ ቤት ሄጄ በአደራ ደብዳቤ ላክሁት፣ በኢሜይልም ደገምኩት። ሁለት ሳምንት ጠበቅኩ። መልስ የለም።

በ70ኛው ቀን የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት ላይ ክስ ከፈትኩ። ጠበቃ አልያዝኩም። ሠራተኛ ለእንዲህ ዓይነት ክስ የዳኝነት ክፍያ አይከፍልም፤ የወጣብኝ የኮፒና የታክሲ ነው። ማስረጃዬ አምስት ወረቀት ነበር፦ የቅጥር ውል፣ የመልቀቂያ ደብዳቤ፣ የርክክብ ፎርም፣ የባንክ ስቴትመንት፣ የጠየቅኩበት ደብዳቤ። እዚያ ወረፋ ላይ የነበሩትን ሰዎች ብታዩ ታፍራላችሁ። የጥበቃ ሠራተኛ፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ ሹፌር፣ የልብስ ፋብሪካ ልጆች። አጠገቤ የተቀመጡ አንድ አባት፣ ጥበቃ የነበሩ፣ አንቀጹን በቁጥር ነው የሚጠሩት። «አንተ ልጅ፣ ቀኑን ቆጥረሃል?» አሉኝ። ከእኔ ሙያ ያየሁት ሰው አልነበረም። ሕጉ ለእነሱ ነው ብዬ የናቅኩት ነገር፣ ለካ እነሱ ያወቁት እኔ ያላወቅኩት ነው።

መጥሪያው በደረሳቸው በሦስተኛው ቀን አለቃዬ ደወለ። «ወንድሜ፣ እንዲህ እናደርጋለን እንዴ? ቤተሰብ አይደለንም?» አለኝ። በማግስቱ የ22 ቀኑም የ13 ቀኑም ገንዘብ አካውንቴ ገባ። የሥራ ልምዱም ተጻፈ። 70 ቀን ያልተገኙት ሁለት ፊርማዎች በአንድ ቀን ተገኙ፤ ፊልድ የወጣው ሰውዬ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

አሁን የማላኮራበትን ልናገር። ክሱን አነሳሁ። ሦስት ወሩን አልጠየቅኩም። ደወለልኝ፣ ድምፁ ከፋው፣ እናቴን የጠየቀበት ቀን ትዝ አለኝ፣ «በቃ ተወው» አልኩ። ለራሴ ነው ያልኩት። ያኔ ጨዋነት መስሎኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ለድርጅቱ ያስተማርኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰባ ቀን ብታዘገይ የምትከፍለው ያንኑ ነው፣ አንድ ሳንቲም አይጨምርም። እዚያ የቀረ ጓደኛዬ እንደሚለኝ ገጹ ዛሬም ቢጫ ነው። ቀን የለውም።

ስድስት ወር

ይህን ሁሉ የጻፍኩት ግን ስለ እኔ ገንዘብ አይደለም። እኔ ገንዘቤን አግኝቻለሁ።

ከእኔ በፊት የለቀቀ አንድ ጁኒየር ዴቨሎፐር ነበር። ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ በሁለት ሺህ ብር ልዩነት ቤት የሚቀይር ልጅ። ሲለቅ ያው ቢጫ ገጽ ያዘው። እኔ ያኔ ገና ሥራ ላይ ነበርኩና ጻፈልኝ፦ «ብሮ፣ አንተ ስለምትቀርባቸው እስቲ ንገርልኝ።» የመለስኩለት አሁንም ስልኬ ላይ አለ፦ «አይዞህ ይከፍሉሃል፣ አሁን እንዳታስቀይማቸው፣ ትንሽ ተወው።»

አዋጁን ባነበብኩ ማታ፣ መጨረሻ አካባቢ ስለ ይርጋ የሚል ክፍል አገኘሁ። ከሥራ ውል መቋረጥ የሚመጣ የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። በስልክ «እንከፍልሃለን» መባል ቀኑን አያቆመውም፤ ክስ ማቅረብ፣ ወይም አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ በግልጽ ማመኑ ነው የሚያቋርጠው። የሱን ቀን ቆጠርኩ። ሰባት ወር ከአሥራ አንድ ቀን።

ደወልኩለት። ነገርኩት። ትንሽ ዝም አለና «ተወው ባክህ፣ አንተም ያኔ እንደዛ ነበር ያልከኝ» አለኝ። በክፋት አይደለም ያለው። እየሳቀ ነው።

ስለዚህ የ«ተወው»ን ዋጋ ከጠየቃችሁኝ፣ ለሱ የአንድ ወር ተኩል ደመወዙ ነው። ያንን ገንዘብ ያስቀረው አለቃዬ ብቻ አይደለም። ምክሩን የሰጠሁት እኔ ነኝ፣ ገጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

አሁን የምትለቁ ልጆች፦ ማስጠንቀቂያችሁን በጽሑፍ ስጡ፣ ርክክባችሁን አስፈርማችሁ ኮፒ ያዙ፣ ከመጨረሻው ቀን ጀምሮ ሰባት የሥራ ቀን ቁጠሩ። በስምንተኛው ቀን ደብዳቤ ጻፉ። ስድስተኛውን ወር ካላንደራችሁ ላይ በቀይ አክብቡት። ሦስት ወሩን ጠይቁ፤ ዳኛው ባይሰጥም ጠይቁ፣ እንደኔ አትሁኑ። ጓደኛችሁ ሲያማክራችሁ ደግሞ «ተወው» ከማለታችሁ በፊት የለቀቀበትን ቀን ጠይቁት።

የክሊራንስ ገጽ እንድትሠሩ የምትታዘዙ የሙያ አጋሮቼ፦ ከፊርማው ሳጥን በላይ ቀን አስገቡ። ንብረቱ ተመልሶ ሰባት የሥራ ቀን ሲያልፍ ክፍያው በራሱ ወደ ሂሳብ ክፍል ይለፍ፣ ያልፈረመው ሰው ስም በቀይ ይውጣ። ይኼን ያህል ኮድ ግማሽ ቀን አይፈጅም። እኔ ግማሽ ቀን ነበረኝ፣ አልጠየቅኩም።